ጎተራው እስከ የትኛው ወር ያደርሳል?

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየተደጋገመ ይመጣብኛል። እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም። ባልና ሚስት ፈረንጆች ከተማውን ጥለው ይወጣሉ፤ አነስ ያለች መሬት ይገዛሉ፤ ዶሮ፣ ፍየል፣ የንብ ቀፎ፣ ካሮትና ጎመን። «ከእንግዲህ ከሱቅ ምንም አንገዛም፤ ራሳችንን እንችላለን» ይላሉ። ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለ። ላይኩ ለጉድ ነው።

እንፍራንዝ ዘመድ ጥየቃ በሄድኩ ጊዜ ይህንኑ ቪዲዮ ለአጎቴ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው እስከ መጨረሻው አዩትና፣

«ታዲያ ይኸ ሰውዬ ምን አዲስ ነገር አመጣ? የኛን ኑሮ እኮ ነው የሚኖረው» አሉኝ።

«እሱማ ልክ ነዎት አያ፤ ግን እሱ ደስተኛ ነው» አልኳቸው ለመቀለድ።

ሳቁ። ቀጥለው የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «እስኪ ጠይቅልኝ ልጄ፤ ጎተራው እስከ የትኛው ወር ያደርሰዋል?»

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ጥያቄ ነው። በትንሽ መሬት ራስን መቻል ማለት ምን ማለት ነው? ምንም አለመግዛት ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

በወረቀት ይተርፋል

እንፍራንዝን ለማታውቋት፦ ከጎንደር ተነስታችሁ አዘዞን፣ ጠዳንና ማክሰኝትን አልፋችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ፣ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። በስተምዕራብ ጣና አለ። አጠገቧ ካለው ኮረብታ ላይ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ቆሟል፤ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ከመታነጹ በፊት ማለት ነው። ሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል። ሰነፍ መሬት አይደለም።

የአጎቴ መሬት 3 ቃዳ ነው። በዚያ አካባቢ 4 ቃዳ አንድ ሄክታር ያህል ስለሆነ ከአንድ ሄክታር በታች መሆኑ ነው። ይህ የእሳቸው ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አርሶ አደር አማካይ ይዞታም ከአንድ ሄክታር በታች ነው።

እስኪ እናስላ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ አይደል?

ጤፍ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ በሄክታር እስከ 20 ኩንታል ቢደርስ ነው። እንግዲህ ከ1 ቃዳ ከ4 እስከ 5 ኩንታል ይገኛል። በቆሎ ማዳበሪያ ካገኘ በሄክታር 40 ኩንታል ገደማ ይሰጣል፤ ዝቅ አድርገን ከ1 ቃዳ 8 እንበል። ሽምብራ ከቀረው 1 ቃዳ ቢበዛ 5 ኩንታል። ሲደመር 17 ወይም 18 ኩንታል መጣ።

አንድ ሰው በዓመት ከ1 ኩንታል ተኩል እስከ 2 ኩንታል እህል ይበላል ብንል፣ አምስት ቤተሰብ ከ8 እስከ 10 ኩንታል ይበቃዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አጎቴ ራሳቸውን ችለዋል። እንዲያውም ሰባት፣ ስምንት ኩንታል ይተርፋቸዋል።

ታዲያ ጎተራቸው ለምንድን ነው ግንቦት ላይ ባዶ የሚሆነው?

ቀዳዳው የት ነው?

ይህንን ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ማዳበሪያ አለ። ምርጥ ዘር አለ። ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ሕክምና አለ። እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የጎረቤት ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ። «የስልክ ካርድም አለ» ብለው ወደ እኔ አዩ።

ይህ ሁሉ የሚከፈለው በብር ነው። ብር የሚመጣው ደግሞ እህል ሲሸጥ ነው። እህሉ የሚሸጠው መቼ ነው? ጥር ላይ። ጥር ማለት ሁሉም ወቅቶ የጨረሰበት፣ ሁሉም ዕዳ የሚከፍልበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ የሚወጣበት ወር ነው። ዋጋው ዝቅ ይላል። ከዚያ ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ያው ገበሬ ጥር ላይ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ይበደራል። የተበደረውን መልሶ ጥር ላይ ይከፍላል፤ ለመክፈል ደግሞ ይሸጣል።

ችግሩ ከቃዳው ይልቅ ቀዳዳው ነው። የመሬቱ ማነስ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያመረቱት ከቤት የሚወጣበትን ጊዜ መምረጥ አለመቻል ድህነቱን ያብሰዋል። አጎቴ «እስከ የትኛው ወር» ያሉት ለዚህ ነው። ለእሳቸው ራስን መቻል ማለት ምንም አለመግዛት አይደለም። አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ በግድ አለመሸጥና በግድ አለመበደር ነው።

የፈረንጆቹም ነገር ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ያው ነው። የዚህ ዓይነት ኑሮ መመሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው የእንግሊዛዊው ጆን ሲሞር መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንድ ኤከር ላላት ቤተሰብ፣ ማለትም በእኛ ከ1 ቃዳ ተኩል ትንሽ ለሚበልጥ መሬት፣ እቅድ አውጥቷል፦ ግማሹ ለሣርና ለላም፣ ግማሹ አራት ቦታ ተከፍሎ በየዓመቱ ሰብል እየተፈራረቀበት። እሱ ራሱ ግን በእንዲህ ያለ ጠባብ መሬት የላሟን አብዛኛውን መኖ ከውጭ መግዛት ግድ እንደሆነ አልደበቀም። ቪዲዮው የማያሳየን ይህንን ነው።

ከራስ ማሳ ብቻ መብላት ሲጎዳ

«የራስህን አብቅለህ የራስህን ብቻ ብላ» የሚለው ምክር በጣና ዙሪያ መራራ ታሪክ አለው። ጓያን ታውቁታላችሁ፤ ለሽሮ የሚሆን እህል ነው። ጓያ ጀግና ሰብል ነው። ድርቅ ይችላል፣ ውሃ የተኛበት ዋልካ ላይ ይበቅላል፣ ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ ይቀራል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሌላ ሲጠፋ ቤተሰቡ ለወራት ጓያን ብቻ ዋና ምግቡ ያደርጋል። በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ደግሞ እየተጠራቀመ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ሽባ የሆነው ሰው መልሶ አይድንም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ) በደምቢያና በፎገራ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ታይቶ ሐኪሞች አጥንተውታል። ደምቢያና ፎገራ ከእንፍራንዝ ወዲያና ወዲህ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የበሉት የገዛ መሬታቸው ያበቀለውን ነው። የጎደላቸው ሌላ የሚቀላቅሉት እህልና ያንን የሚገዙበት አቅም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አንድ ሰብል ላይ ብቻ መንጠልጠል ራስን መቻል አይባልም። ጓያ መብላት ክልክል አይደለም፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ዋናው ግን ቤት ውስጥ የሚቀላቀል ሌላ ነገር መኖሩ ነው።

አውራ አምባ ያገኘችው መልስ

ከእንፍራንዝ ወደ ባሕር ዳር መንገዳችሁን ብትቀጥሉ ወረታ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፋችሁ ጥቂት ስትሄዱ አውራ አምባ አለች። ሴትና ወንድ እኩል የሚሠሩባት ማኅበረሰብ በመሆኗ ስሟን ሰምታችሁ ይሆናል። እዚህ የማነሣት ግን በመሬቷ ምክንያት ነው።

ማኅበረሰቡ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በደርግ ዘመን አባላቱ ስደት ወጥተው ቦንጋ ድረስ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲመለሱ ከቀድሞ መሬታቸው የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ብቻ ነበር። በመቶዎች ለሚቆጠር ሕዝብ 17 ሄክታር ምን ይሆናል? እርሻው ብቻውን እንደማያበላቸው ቶሎ ገባቸው።

ያደረጉት መሬቱን መተው አልነበረም። ከመሬቱ ላይ ሽመናን ጨመሩ። ወፍጮ ተከሉ። ሱቅ ከፈቱ። ከማሳው የጎደለውን እህል በሸጡት ጨርቅ ገዙ። ዛሬ ስለ አውራ አምባ የሚያወራ ሁሉ «ራሳቸውን የቻሉ» ይላቸዋል። እህል ግን ይገዛሉ። ራሳቸውን የቻሉት ጥር ላይ ጤፋቸውን በግድ ሳይሸጡ ብር የሚያገኙበት ሌላ መንገድ ስላበጁ ነው።

የእንፍራንዝ አጥር

ሁሉም ሰው ሸማኔ ይሁን እያልኩ አይደለም። እንፍራንዝ የራሷ መልስ የነበራት ይመስለኛል፤ ጓሮዋ ውስጥ።

እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አፄ ኢያሱን ለማከም ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር። በእንፍራንዝ በኩል አልፎ ያየውን ጽፏል። ከጎንደር ታንሳለች፣ ግን ይበልጥ ደስ ትላለች ይላል። የመሰጠው አጥሩ ነው፦ ቤቶቹ በሙሉ አበባና ፍሬ በያዘ ሁልጊዜ ለምለም በሆነ አጥር ተለያይተዋል፤ በመሃል በመሃሉም ዛፎች አሉ። ከ300 ዓመት በፊት የዚህች ከተማ ሰው አጥሩን ያጠረው በሚበላና በሚያብብ ነገር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ቦታ አጥር ማለት ደረቅ እሾህ ወይም ቆርቆሮ ነው። አጥር ግን በአንድ ቤት ዙሪያ ረጅሙ ማሳ ነው። ሰንሰል ቢተከልበት አፈር ይይዛል። ጌሾ ቢጨመርበት ገበያ አለው። ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ ጥግ ጥግ ላይ ቢገባ ለልጆች ፍሬ ነው። የእርግብ አተር ለሰውም ለከብትም ይሆናል። ዝሆኔ ሣር እርከን ላይ ቢተከል አፈሩን ይዞ ለላሟ ይታጨዳል። ጣና ዳር እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የግጦሹን ቦታ ሲወር ላየ ሰው ደግሞ መኖን ቤት ማብቀል ቅንጦት አይሆንም።

የሀገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ትንሽ ነው? አምስት ዶሮ ሲሆን እስከ 300 እንቁላል ነው። ግማሹ ለልጆች፣ ግማሹ ለጨውና ለዘይት ቢሆን ጥር ላይ ከሚሸጠው ጤፍ ላይ የሆነ ያህል ጣሳ ይቀንሳል። መንግሥት በኅዳር 2015 የጀመረው «የሌማት ትሩፋት» እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮና ማር ላይ ያተኮረውም ይህንኑ ጓሮ አይቶ ነው። አበሾች እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንላለን። ጥያቄው ቤቱ ዛሬ ምን ያፈራል የሚለው ነው።

ሦስት ወር ለማራዘም

አጎቴ ጎተራ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሦስት ወር ነው። ያየሁትንና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ማከማቻ ነው። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው በጣም ደቃቅ ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ሽምብራ ግን ሳይሸጥ ቢቆይ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ገበሬው ቶሎ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሁን «ፒክስ» የሚባል ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። አፉ በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። ከረጢቱ እስካልተቀደደ ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል። ጥር ላይ ሊሸጥ የነበረ አንድ ኩንታል በቆሎ ሐምሌ ላይ ቤት ውስጥ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ፍግ ነው። ኩበት እንጨት በጠፋበት አገር ማገዶ ነው። ግን ኩበት ስናነድ ማዳበሪያ ነው የምናነደው። በ2015 ማዳበሪያ ዘግይቶ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች አደባባይ እስከ መውጣት ደርሰው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚያተርፈው ኩበት በኮምፖስት መልክ ማሳ ላይ ቢገባ፣ ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ባይተካም የሚገዛውን መጠን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሽምብራ ነው። ዋልካ አፈር ክረምቱ ካለፈ በኋላም እርጥበት ይይዛል። ሽምብራ በዚያ በቀረ እርጥበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ ይደርሳል። ሥሩ ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩ ውስጥ ይተዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ይጠቀምበታል። በአንድ መሬት ላይ ምግብም ማዳበሪያም ማለት ነው።

አራተኛው የእናንተ ሥራ ነው፤ የስልክ ባለቤቶች። ገጠር ቤተሰብ ካላችሁ ለአንድ ዓመት የቤቱን ገቢና ወጪ ስልካችሁ ላይ መዝግቡላቸው። ምን ያህል ተሸጠ፣ መቼ፣ በስንት፣ ለምን? ምን ተገዛ፣ መቼ፣ በስንት? ዓመቱ ሲያልቅ ቀዳዳው በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ደግሞ የእርሻ ምክር በነፃ፣ በአማርኛም ጭምር ሲሰጥ ቆይቷል። ቁጥሩን ለአባታችሁ ስልክ ላይ መዝግቡላቸው።

መሬቱን ማን ይወርሳል?

አሁን ከባዱ ነገር። አጎቴ ሦስት ልጆች አሏቸው። መሬቱ ደግሞ 3 ቃዳ። ለእያንዳንዱ አንድ ቃዳ ቢደርሰው ከላይ ያሰላነው ሁሉ ይፈርሳል።

በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ወይ ተከራይቶ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ ሄዶ መግዛት የለም። ያለው የእኩል ማረስ ወይም ኮንትራት መያዝ ነው። «ወጣቱ ወደ እርሻ ይመለስ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ወዴት ነው የሚመለሰው?

የአጎቴ ትልቁ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። ለሁለት ዓመት ጎንደር የቀን ሥራ ሠራ። በ2015 ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ቤት ተመለሰ። መንገድ ሲዘጋ፣ ለወራት ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ገበያ አንዳንድ ሳምንት ሳይቆም ሲቀር የቤቱ ጎተራ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ እንደገባው ነገረኝ። «ቴሌብር ላይ ያለችኝ ብር አልበላችኝም፤ የእናቴ ጎመንና ሽሮ ነው ያቆየኝ» አለኝ።

አሁንም የራሱ መሬት የለውም። የአባቱን ጓሮ ግን ተረክቧል። ጉድጓድ ቆፍሮ በባልዲ እያጠጣ ጎመን፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ያለማል። የጎረቤት አሮጊት ግማሽ ቃዳ በእኩል ያርሳል። አጥሩን በጌሾና በሎሚ ጀምሮታል። ሀብታም አልሆነም፤ አይሆንምም ይሆናል። አንዳንድ ቀን መሄድ ያምረዋል፤ አልደበቀኝም። ሁለቱ ታናናሾቹ ደግሞ ጓሮው ለሦስት እንደማይበቃ ያውቃሉ። አንዷ ልብስ ስፌት ልትማር አስባለች። እንደ አውራ አምባ ማለት ነው፦ ከመሬቱ ላይ ሌላ ሙያ መጨመር።

ስለዚህ ያንን ቪዲዮ በድጋሚ ስታዩ ላይክ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ክፋት የለውም። ግን የአጎቴን ጥያቄ ጠይቁት። የራሳችሁንም ቤት ጠይቁ። ከተማ ብትኖሩም ጥያቄው ይሠራል፦ ደመወዛችሁ ከወሩ እስከ ስንተኛው ቀን ያደርሳል? ቀዳዳውስ የት ነው?

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ልጅ... ይቅርታ፣ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ነበር። ስለ ፖለቲካውም ስለ ኳሱም አወራን። በመጨረሻ ጎተራውን ጠየቅኩት።

«ዘንድሮ ሁለት ከረጢት በቆሎ ሳንሸጥ አስቀምጠናል» አለኝ። «አባቴ ሐምሌን ያልፋል ብሏል።»

ግንቦት የነበረው ሐምሌ ሆኗል። ነሐሴና መስከረም ቀርተዋል።